አይቶ ማለፍ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው በመንገድ የጣሉትን ሰው ሦስት መንገደኞች አይተውታል። ካህኑ አየው፤ ሌዋዊው አየው፤ ሳምራዊውም አየው። በማየት ሦስቱ እኩል ናቸው፤ ሳምራዊው ከሁለቱ ይልቅ የጠራ ዓይን ነበረው የሚል ነገር በወንጌል አልተጻፈም። የተለያዩት በእግራቸው ነው፤ ሁለቱ ገለል ብለው ዐለፉ፥ አንዱ ቀረበ። እንግዲህ ማየት የርኅራኄ መጀመሪያ ነውን፥ ወይስ አንዳንድ ጊዜ በርኅራኄ ስፍራ ምትክ ሆኖ ይቀመጣል? ሰው የተጨነቀውን ወንድሙን አጥርቶ ባየው መጠን ወደ እርሱ ይቀርባልን፥ ወይስ አጥርቶ ማየቱን ራሱን እንደ መቅረብ ቈጥሮ በዚያው ረክቶ ይቀራል?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ይጠቅማል፤ በዚያ ዘመን ሰዎች ከዚያ በፊት ማንም ባላየበት አኳኋን ሥዕል ማየት ጀምረው ነበርና። (ዓመታቱ፥ ስለ ኢትዮጵያ ከሚነገረው በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቻርልስ ዊትስቶን የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በ1838 ዓ.ም. ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሎንዶን ሊቃውንት ማኅበር አንድ ጽሑፍ አቀረበ። የጽሑፉም አሳብ እንዲህ ነበር፤ የሰው ሁለት ዓይኖች 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተራርቀው ስለ ተቀመጡ አንዱን ነገር ሁለቱም በአንድ አኳኋን አያዩትም፤ ቀኙ ጥቂት ወደ ቀኝ፥ ግራውም ጥቂት ወደ ግራ ያለውን ገጽ ያያል። ጣቱን ከፊቱ አቁሞ ዓይኖቹን ተራ በተራ የጨፈነ ሰው ጣቱ ስፍራ የለወጠ ይመስለዋል። ልቡና ግን እነዚህን ሁለት ልዩ ልዩ ምስሎች ተቀብሎ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከመዋሐዳቸውም ጥልቀት ይገኛል፥ የቀረበው ከራቀው ይለያል። ስለዚህ ዊትስቶን ሁለት ሥዕል ሥሎ፥ አንዱን ለቀኝ ዓይን ሌላውን ለግራ ዓይን በመስተዋት ለየብቻ ቢያሳይ፥ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተሣለው ነገር ተነሥቶ የቆመ መስሎ ታየ። መሣሪያውንም ስቴሬዎስኮፕ አለው። ስሙ ከጽርእ ቋንቋ የተገኘ ነው፤ ስቴሬዎስ ጽኑዕ፥ ጠጣር ማለት ነው፤ ስኮፔዎ ደግሞ እመለከታለሁ ማለት ነው።

በማግሥቱ ዓመት በ1839 ዓ.ም. የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም ተገለጠ፤ በእጅ የሚሣለውን ሁለት ሥዕል በብርሃን መሣል ተቻለ። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር በ1849 ዓ.ም. ሁለት መነጽር ያላት ትንሽ ሣጥን አሰናዳ፤ የፓሪሱ ዱቦስክም ሣጥኗን እየሠራ ይሸጣት ጀመር። (ዊትስቶንና ብሩስተር ስለ ክብሩ በኋላ ብዙ ተከራክረዋል፤ ሊቃውንት በትሕትና ጕዳይ ሁልጊዜ አንደኛ አይደሉም።)

የቅኔ ተማሪ ይህን የመነጽር ምሥጢር ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ሰምና ወርቅ በአንድ ቃል ውስጥ የሚያድሩት ፈጽመው አንድ ሳይሆኑ ፈጽመውም ሳይለያዩ ነው። ሰሙ ወርቁን በሁሉ ቢመስል ቅኔው ተራ ንግግር ይሆናል፤ ሰሙ ከወርቁ እጅግ ቢርቅ ሰሚው ሁለቱን ማገናኘት ተስኖት ባዶ እጁን ይቀራል። የስቴሬዎስኮፕም ሕግ እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ጥልቀት የለም፤ ከመጠን አልፈው ቢለያዩ ዓይን ትታወካለች፥ ራስም ይታመማል።

በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን በሃይድ ፓርክ ሜዳ የዓለም ሕዝቦች የእጅ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ጆሴፍ ፓክስተን ያቀደው አዳራሽ በብረትና በመስተዋት የተሠራ፥ ርዝመቱ ከ560 ሜትር የሚበልጥ ነበር፤ ክሪስታል ፓላስ ይሉት ነበር። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በገባው ሕዝብ ቍጥር 6 ሚሊዮን ያህል ጊዜ በሩ ታልፏል። በዚያም የዱቦስክ ስቴሬዎስኮፕ ቀርቦ ንግሥት ቪክቶሪያ ተመልክታ አደነቀችው፤ ከዚያ ወዲህ ሣጥኗን በቤቱ ለማኖር የማይሻ ባለጸጋ አልነበረም።

አንትዋን ክሎዴን የመሰሉ ፎቶግራፍ አንሺዎችም መሣሪያቸውን ይዘው ወደዚያ አዳራሽ ገቡ፤ ከሁሉ አብልጠው የወደዱትም የእብነ በረድ ሐውልቶችን ማንሣት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያን ጊዜው ሰሌዳ ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ነው፤ የሚነሣው ነገር ለብዙ ሰከንድ፥ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ሐውልት ደግሞ አያስነጥስም፥ ዓይኑን አይጨፍንም፥ ደከመኝ አይልም። እብነ በረዱ ነጭ ነው፤ የመስተዋቱ ጣራም የቀን ብርሃን ያወርዳል። ከዚህም በላይ የቀራጺ ሥራ በተራ ፎቶግራፍ ሲነሣ ጠፍጣፋ ሆኖ ክብሩን ያጣል፤ በስቴሬዎስኮፕ ግን ትከሻው ከደረቱ፥ ክንዱ ከጎኑ ይለያል፤ እጅን ዘርግቶ መዳሰስ የሚቻል ይመስላል። ብሩስተርም በ1856 ዓ.ም. ስለ ስቴሬዎስኮፕ ባሳተመው መጽሐፍ መሣሪያው ለቀራጮች ምን ያህል እንደሚጠቅም አመልክቷል።

ከዚያ ዘመን ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በሥዕሉ የሌለው ነገር ነው። ሰሌዳው ብርሃን እስኪጠጣ ድረስ በአዳራሹ የሚመላለሰው ሰው አልታተመም፤ ቢታተምም እንደ ጢስ ደብዝዞ ቀረ። ድንጋዩ ስለማይንቀሳቀስ ጸንቶ ታየ፤ ሕያው ሰው ስለሚንቀሳቀስ ጠፋ። ይህ የመሣሪያው ባሕርይ ነው እንጂ የማንም ኀጢአት አይደለም፤ ነገር ግን መሣሪያው ሳያውቅ ስለ ባለቤቶቹ አንድ ነገር የተናገረ ይመስላል።

በ1854 ዓ.ም. ሎንዶን ስቴሬዎስኮፒክ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ፤ የሁለት ሁለት ሥዕል ካርዶችም በወረቀት እየታተሙ ለመካከለኛው ሰው ሁሉ በሚቻል ዋጋ ተሸጡ። በ1862 ዓ.ም. በደቡብ ኬንሲንግተን ሁለተኛው ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ይኸው ኩባንያ አዳራሹን ብቻውን ለማንሣት ፈቃድ ገዝቶ፥ ዊልያም ኢንግላንድ በሚባለው ባለሙያ እጅ ሐውልቱንም ዕቃውንም አስነሣ። ጆን ጊብሰን ቀለም የቀባት ቬኑስ፥ ፒየትሮ ማኚ የቀረጻት መጽሐፍ የምታነብ ልጅ፥ ዊልያም ስቶሪ የቀረጻት ክሌዎፓትራ በእያንዳንዱ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተገኙ። ሎንዶንን ረግጦ የማያውቅ የገጠር ቄስ ከእራቱ በኋላ ሣጥኗን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በአዳራሹ ውስጥ የቆመ ያህል ያይ ነበር።

ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ የሚባል የቦስተን ሐኪምና ደራሲ ነገሩ እጅግ ስላስደሰተው በ1859 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ፥ ከእንግዲህ ወዲያ ቅርጽ ከግዙፉ አካል እንደ ተለየ፥ አንድ ነገር ከልዩ ልዩ ወገን ከተነሣ በኋላ ነገሩ ራሱ ቢፈርስ ወይም ቢቃጠል ግድ እንደሌለ እስከ መናገር ደርሶ ነበር። በጨዋታ መልክ የተናገረው ይሁን እንጂ በጨዋታ የሚነገር ነገር የዘመኑን ልብ ይገልጣል። ምስሉ ከተገኘ ባለ ምስሉ ምን ያደርጋል? ይህ አሳብ ስለ ሕንፃ ሲነገር ያስቃል፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን ያስፈራል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሰሌዳና በግድግዳ የተሣለውን ሥዕል ተቀብላ የተቀረጸውን ምስል ለጸሎት አለመቀበሏ የታወቀ ነው። ለሥዕል የሚሰጠው ክብርም በቀለሙና በእንጨቱ እንደማይቀር፥ ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ ታስተምራለች። የሣጥኗን ምስል ለዚህ ትምህርት ቢያቀርቡት ሥዕል ነው ወይስ ቅርጽ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ቅርጽ አይደለም፤ የሚታየው ግን ጠጣር አካል ስለ ሆነ ተራ ሥዕል አይደለም። በእውነቱ ቅርጹ በወረቀቱም በሣጥኗም የለም፤ ቀራጺው የተመልካቹ ልቡና ነው። እንግዲያስ ከማየቱ በኋላ የሚመጣውንም የሚጠየቀው ተመልካቹ ነው።

እዚህ ላይ የቃላችንን ኅብር ማስተዋል ይገባል። ካህኑ አይቶ ዐለፈ። ለሥዕልም የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል። ማለፍ የተባለው ቃል አንድ ሲሆን መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ በአጠገቡ ዐልፎ መሄድ ነው፥ ሁለተኛው በምስሉ ውስጥ ዐልፎ ወደ ሰውየው መድረስ ነው። ምስልን ያየ ሰው ከሁለቱ አንዱን ማለፍ ሳያልፍ አይቀርም።

በ1851 ዓ.ም. በክሪስታል ፓላስ ከቆሙት ሐውልቶች ሁሉ ብዙ ሰው የከበባት የግሪካዊት ባሪያ ሐውልት ነበረች። በፍሎሬንስ ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ሂራም ፓወርስ በ1844 ዓ.ም. ከነጭ እብነ በረድ ቀርጿት ነበር። ግሪኮች ከቱርክ አገዛዝ ለመውጣት በተዋጉበት ጊዜ ተማርካ በቍስጥንጥንያ ገበያ ለሽያጭ የቆመች ልጅ ናት። ልብሷን ተገፍፋለች፤ እጆቿ በሰንሰለት ታስረዋል፤ በአጠገቧ ባለው ምሰሶ ላይ በተጣለው ልብስ መካከል ትንሽ መስቀል ይታያል። ተመልካች ዙሪያዋን ያይ ዘንድ በሚዞር መቆሚያ ላይ አቆሟት። በስቴሬዎስኮፕም ተነሥታ ሰንሰለቷ ከጭኗ ተለይቶ ተንጠልጥሎ እስኪታይ ድረስ በየቤቱ ገባች።

ስለ ራቍትነቷ አስቀድሞ በአሜሪካ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ኦርቪል ዲዊ የሚባል ሰባኪ በ1847 ዓ.ም. ልጅቱ ልብስ ባትለብስም ስሜቷ እንደ ልብስ እንደሸፈናት ጽፎ ተከራከረላት። መልሱ ብልህነት አለው፤ ልጅቱ ተገፈፈች እንጂ ወዳ አልተራቈተችምና ነውሩ የገፈፏት ነው። ይሁን እንጂ በአዳራሽ የቆመ ተመልካች ሌሎች ያዩታል፥ በሣጥን የሚመለከት ግን ማን እንደሆነና ምን እንደሚያይ የሚያውቅበት የለም። ዓይኑን በሁለቱ መነጽሮች ሲገጥም ከቤተ ሰቡም ይለያል። በእንባ ይመልከታት ወይስ በፍትወት፥ ከእግዚአብሔር በቀር ምስክር የለበትም። ስለዚህ ዲዊ የተናገረላት ልብስ ለሐውልቷ ይበቃ ይሆናል፤ ለተመልካቹ ግን አልበቃም።

ነገር ግን ከራቍትነቷ ክርክር የሚበልጥ ሌላ ጕዳይ አለ። የግሪካዊት ባሪያ ሐውልት በአሜሪካ ከተሞች ስትዞር ኒው ኦርሊንስ ደርሳለች። ኒው ኦርሊንስ የባሪያ ገበያ የቆመባት ከተማ ነበረች፤ የተጠመቁ ሴቶች በየቀኑ ይሸጡባት ነበር። በ1850 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው ቈጠራ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ባሮች ነበሩ። ሰዎቹ ገንዘብ ከፍለው በቱርክ ገበያ ስለ ተሸጠች አንዲት የድንጋይ ክርስቲያን አዘኑ፤ ከአዳራሹም ወጥተው ሥጋና ደም ያላት ክርስቲያን በምትሸጥበት አደባባይ አጠገብ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከዚህ ነገር ንጹሐን አልነበሩም። በግዛታቸው ባርነትን የሻሩት በ1833 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ነው፤ የፋብሪካዎቻቸው ጥጥ ግን አብዛኛው ከአሜሪካ ደቡብ፥ ከባሮች እጅ የሚመጣ ነበር። በሐውልቷ ፊት ያለቀሰች አንዲት እመቤት እንባዋን የጠረገችበት መሐረብ ጥጡን ማን እንደ ለቀመው ብትጠየቅ ምን ትመልስ ነበር?

እነዚህ ሰዎች ሁሉ ግብዞች ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስልም። እንባቸው እውነተኛ ነበር። ችግሩ እንባው እውነተኛ ስለ ሆነ ሥራውን የጨረሰ መምሰሉ ነው። ሰው በምስሉ ፊት ልቡ ሲነካ የርኅራኄን ጣፋጭነት ይቀምሳል፤ ድካሙን፥ ወጪውንና አደጋውን ግን አይቀምስም። ሳምራዊው ዘይትና ወይን አፍስሷል፥ ከአህያው ወርዷል፥ ሁለት ዲናር ከፍሏል፤ ወንበዴዎቹም ገና በአካባቢው ይኖሩ ነበር ይሆናል። ምስል ከተመልካቹ አህያ አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን ምስልን ሁሉ ከመኰነን ይከለክላል። በዚያው ዓመት ፓንች የሚባለው የሎንዶን የቀልድ ጋዜጣ ሠዓሊው ጆን ቴኒየል የሣለውን አንድ ሥዕል አወጣ፤ የቨርጂኒያ ባሪያ የተባለች ጥቍር ሴት እንደ ግሪካዊቱ ታስራ ቆማለች፤ መቆሚያዋ በጅራፍና በሰንሰለት ተጊጧል፥ በአጠገቧም የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ አለ። ሥዕሉ ለፓወርስ ሐውልት ጓደኛ ትሆን ዘንድ የታሰበች ናት ተብሎ ተጽፎባታል። በሎንዶን በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ያመለጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በ1834 ዓ.ም. ያመለጠው ዊልያም ዌልስ ብራውን፥ እንዲሁም ባልና ሚስት የሆኑት ዊልያምና ኤለን ክራፍት። በጁን ወር አንድ ቅዳሜ ቀን ከእንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ክሪስታል ፓላስ ገቡ። በአሜሪካ ክፍል ሲደርሱ ብራውን የቨርጂኒያዊቱን ሥዕል አውጥቶ፥ ካመለጡት ባሮች አንዱ መሆኑን በግልጥ ተናግሮ፥ በግሪካዊቱ አጠገብ አኖራት።

ያደረገው ነገር በእውነት የስቴሬዎስኮፕ ሥራ ነው። የግሪካዊቱ ምስል ብቻዋን በቆመች ጊዜ፥ በመነጽር ጠጣር ሆና ብትታይም እንኳ፥ ለልብ ጠፍጣፋ ነበረች፤ በሩቅ አገር፥ በሌላ ሃይማኖት ሰዎች እጅ የተፈጸመ በደል ነበረችና ተመልካቹን አትነካውም። ሁለተኛይቱ ሥዕል በአጠገቧ ስትቀመጥ ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ፥ ይለያያሉም፤ ያችም ታስራለች፥ ይህችም ታስራለች፤ ያች ነጭ ናት፥ ይህች ጥቍር ናት፤ ያችን ያሰራት ቱርክ ነው፥ ይህችን ያሰራት ተመልካቹ ነው። በጥቂቱ ልዩነት ጥልቀቱ ተገለጠ። ብራውን ደግሞ ሥዕል አኑሮ አልሸሸም፤ ራሱን በሥዕሎቹ አጠገብ አቆመ። ሰሌዳው ሊይዘው ያልቻለው ተንቀሳቃሽ ሰው በዚያች ሰዓት ከሐውልቱ ይልቅ ጐልቶ ታየ።

ምን ተገኘ ቢባል በዚያ ቀን የተገኘ ነገር ጥቂት ነው። ወዳጆቻቸው ከአሜሪካውያኑ ጋር ክርክር እንዲነሣ ይሹ ነበር፤ አሜሪካውያኑ ግን ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ ሥዕሏን አንሥቶ ወሰዳት። ዝምታም አንድ ዓይነት መልስ ነው፤ ካህኑና ሌዋዊውም በመንገዱ ላይ ምን እንዳሉ አልተጻፈም። ሆኖም ሥዕሏን ያነሣት ሰው እንዳያት የታወቀ ነው፤ ያላየ ሰው አያነሣምና።

ስለ ባዕድ አገር ይህን መናገር ደግሞ ዓይንን ከራስ ቤት ለመመለስ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ያስተምራል፥ በዚያው አንቀጽ ግን ባርነትን በጦርነት ምክንያት እንደ መጣ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። መምህሩ በአንድ ወገን ኦሪት ዘጸአትን ሲተረጕም፥ እስራኤል ከፈርዖን እጅ እንዴት እንደ ወጡ ሲያመሠጥር፥ በሌላ ወገን በጓዳው ውኃ የምትቀዳለትና እህል የምትፈጭለት ባሪያ ነበረችው። ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ሣጥኑን ከፍቶ በአንድነት የሚመለከታቸው ሰው ግን ለብዙ መቶ ዓመት ጥቂት ነበር። ይህ ድክመት ትርጓሜ ባለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ምሥጢሩን እጅግ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው ወደ ጓዳው ያልተመለከቱት።

የሦስቱ ሰዎች ነገር ገና አላለቀም፤ በተለይ የኤለን ክራፍት። አባቷ ጌታዋ ስለ ነበረ መልኳ ከነጮች አይለይም ነበር። በ1848 ዓ.ም. መጨረሻ ከጆርጂያ ክፍል ከሜከን ከተማ ስትነሣ ፀጕሯን ቈርጣ፥ የወንድ ልብስ ለብሳ፥ ታምሞ ለሕክምና የሚሄድ ወጣት ባለ ርስት መስላ፥ ባሏንም አሽከሯ አስመስላ ተጓዘች። መጻፍ ስለማታውቅ ፈርሚ እንዳትባል ቀኝ እጇን በጨርቅ አንጠለጠለች፤ ጢም የሌለው ፊቷን በፋሻ ሸፈነች፤ ዓይኗ እንዳያጋልጣት አረንጓዴ መነጽር አደረገች። በባቡር ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት የጌታዋ ወዳጅ ከአጠገቧ ተቀመጠ፤ አያት፥ አነጋገራትም፤ እርሷ ደንቆሮ መሰለች፥ እርሱም አላወቃትም። በልደት ቀን ፊላዴልፊያ ደረሱ። በ1850 ዓ.ም. ያመለጡ ባሮች ከነፃዎቹ ክፍለ አገሮችም ተይዘው ወደ ጌቶቻቸው እንዲመለሱ የሚያዝዘው ሕግ ሲጸና ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ በዚያም ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ በ1860 ዓ.ም. የማምለጣቸውን ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከጦርነቱም በኋላ ወደ ጆርጂያ ተመልሰው ነፃ ለወጡት ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በእንግሊዝ ሳሉ የኤለን ሥዕል በዚያ በተጓዘችበት ልብስ ተቀርጾ እየታተመ ይሸጥ ነበር። ፊቷን የሸፈነው ፋሻ መልኳ እንዲለይ ተብሎ በሥዕሉ ላይ ተትቷል። ሥዕሉን ያነሣ ሰው በመጀመሪያ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ነጭ ወጣት ጌታ ያያል፤ ከሥሩ ያለውን ስም ካነበበ በኋላ ግን ዓይኑን ወደ ፊቱ መልሶ እንደ ገና ይመለከታል።